ዳግም የተቀናበረ ዘፈን የማን ነው?

የኪነት ሥራ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከኪነት ጋር አብሮ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግጥሙን የጻፈው ነውን? ዜማውን ያወጣው ነውን? ድምፁን የሰጠው ነውን? ወይስ ሥራውን ሰምቶና ወድዶ ዕድሜ የሚሰጠው አድማጭ? ጥያቄው አንድ ሰው ብቻውን በሚሠራው ሥራ ላይ እንኳ ቀላል አይደለም፤ ብዙ እጅ በሚገባበት ሥራ ላይ ደግሞ እጅግ ይወሳሰባል። የተውኔት ሰዎች ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን። ደራሲው የጻፈውን አዘጋጁ ይቆርጠዋል፤ ተዋናዩ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል፤ መብራቱና መጋረጃውም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በመጨረሻ ተመልካቹ ፊት የሚቀርበው ሥራ የማንም ብቻ ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ነገር ነው።

ይሁንና ይህን ጥያቄ ከተውኔትም ይልቅ አፍጥጦ የሚያመጣ አንድ የሙያ ዘርፍ አለ። እሱም በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ያደገው፣ በተለምዶ «ሪሚክስ» የሚባለው የዳግም ቅንብር ሥራ ነው። ዳግም አቀናባሪ ዘፈኑን አልጻፈም፤ አልዘፈነም፤ ብዙውን ጊዜም መሣሪያ አልተጫወተም። ሌሎች ሠርተው የጨረሱትን ድምፅ ከቴፕ ክር ላይ አንስቶ እንደገና ይሠራል። ታዲያ ይህ ሰው ፈጣሪ ነውን? ወይስ በሌላው ላብ የሚጠቀም ነጋዴ? ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ለማን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በአየር ላይ ሳይሆን በተጨባጭ የሥራ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ መመርመር ነው። ለዚህም አሜሪካዊውን ቶም ሞልተንን መርጠናል። ሞልተን የዳግም ቅንብርን ሙያ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ የስቱዲዮ ዘመኑን ወደኋላ መለስ ብሎ በብዙ ቃለ ምልልስ ተርኳል። ትረካው ስለ መሣሪያና ስለ ብልሃት ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ በጥሞና ላጤነው ግን ስለ ሥነ ምግባርም ብዙ ይናገራል። (የአገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥራው አነሳስ

ሞልተን በ1940 ተወለደ። በሸክላ ንግድና ማስታወቂያ ሥራ ውስጥ አልፏል፤ የፎቶግራፍ ሞዴልም ሆኖ ሠርቷል። በመሣሪያ ተጫዋችነት ወይም በዜማ ደራሲነት የታወቀ ሰው አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ አካባቢ በምትገኘው በፋየር አይላንድ ደሴት ወደ አንድ የዳንስ ቤት ሄደ። በዚያም ዳንሰኞቹ ገና ስሜታቸው መጋል ሲጀምር ዘፈኑ ሲያልቅባቸው ተመለከተ። የዘመኑ ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ የሆነ ዘፈን ነበርና። ይህ ርዝመት ለሬዲዮ ጣቢያና ሳንቲም እየተጨመረበት ለሚዘፍነው የቡና ቤት ሣጥን የተመቸ እንጂ ለዳንሰኛ የታሰበ አልነበረም። ሌላው ዘፈን በሌላ ፍጥነት ሲጀምር ሰዎቹ እርምጃቸው ይፋለስና ከመድረኩ ይወርዳሉ።

ሞልተን ወደ ቤቱ ተመልሶ ዘፈኖችን እያያያዘ፣ የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እያዋደደ፣ 45 ደቂቃ የሚሆን የማያቋርጥ ሙዚቃ በቴፕ ክር ላይ አዘጋጀ። ለዚህ ሥራ 80 ሰዓት ያህል እንደፈጀበት ተናግሯል።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የዚህ ሙያ መነሻ በአንድ ሰው ነፍስ ውስጥ ብቻ የበቀለ የግል ስሜት አይደለም። መነሻው የብዙ ሰዎች እግር ነው። ሞልተን የጠየቀው «እኔ ምን ልበል?» ብሎ ሳይሆን «እነዚህ ሰዎች ምን ጎደላቸው?» ብሎ ነበር። ኪነት ከሕዝብ ፍላጎት ይነሣል የሚለውን አባባል ደጋግመን ብለነዋል፤ በዚህ ታሪክ ግን አባባሉ ሥጋና ደም ለብሶ እናገኘዋለን።

በ1974 ሞልተን የቢ.ቲ. ኤክስፕረስ ጓድ የተጫወተውን «ዱ ኢት» የተባለ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ወደ ስድስት ደቂቃ ገደማ አረዘመው። እሱ እንደሚተርከው ተጫዋቾቹ የተረዘመውን ሥራ ጨርሶ አልወደዱትም። ሸክላው ግን በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአገር አቀፉ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ዘፈኑ ርዝመት ሲጠየቁ፣ ከመጀመሪያውኑ እንዲሁ አድርገው እንደቀረጹት መናገራቸውን ሞልተን በፈገግታ ያስታውሳል። በዚህ ጊዜ የተሰወረው የዳግም አቀናባሪው ድካም ነበር። ወደፊት እንደምንመለከተው የሌሎቹ ድካም የሚሰወርበት ጊዜም ይመጣል። ስለዚህ የምንመረምረው ችግር የአንድ ወገን ክፋት አይደለም፤ ብዙ እጅ ባለበት ሥራ ሁሉ የሚያደባ ፈተና ነው።

የእጅ ሥራው

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እንወቅ። በዚያ ዘመን አንድ ዘፈን ሁለት ኢንች ስፋት ባለው ክር ላይ በ16 ወይም በ24 መሥመር ተለያይቶ ይቀረጽ ነበር። ከበሮው በመሥመሩ፣ ቤዝ ጊታሩ በመሥመሩ፣ ቫዮሊኖቹና ጡሩምባዎቹ በየመሥመራቸው፣ የድምፃዊቷም ድምፅ በራሱ መሥመር ይቀመጣል። ዳግም አቀናባሪው ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ አንዱን መሥመር ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ውጤቱን በሌላ ክር ላይ ካሳረፈ በኋላ ክሩን በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጥለዋል። አንዲት ስንዝር ክር የተሳሳተ ቦታ ላይ ከተቆረጠች ምቱ ይንገዳገዳል፤ ዳንሰኛውም በእግሩ ያውቀዋል።

የሙያው ታላላቅ ግኝቶች ከሐሳብ ብቻ ሳይሆን ከእንቅፋትም የተገኙ ናቸው። ዶን ዳውኒንግ የተባለው ድምፃዊ «ድሪም ወርልድ» የተሰኘው ዘፈኑ መካከል ላይ ሲደርስ ቅኝቱ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ሞልተን ዘፈኑን ለማርዘም ወደ ቀድሞው ክፍል መመለስ ፈለገ፤ ነገር ግን ከከፍተኛው ቅኝት በቀጥታ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ለጆሮ እንደ መውደቅ ነው። ስለዚህ ዜማ ያላቸውን መሣሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ አስወጥቶ ከበሮውን ብቻውን ተወው። ከበሮ ቅኝት የለውምና ጆሮ የቀደመውን ይረሳል። ከዚያ በኋላ መሣሪያዎቹን በቀድሞው ቅኝት እየደራረበ መለሳቸው። ዳንሰኞቹ በከበሮው ባዶነት ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የሙዚቃውን መመለስ እየናፈቁ ይጠብቃሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየዳንስ ቤቱ የሚሰማው የሙዚቃው ባዶ መሆንና እንደገና መሙላት አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የባለ 12 ኢንቹ ነጠላ ሸክላ አወላለድ ነው። ሞልተን የአል ዳውኒንግን አንድ ዘፈን ለማስቆረጥ ወደ ድምፅ መሐንዲሱ ሆሴ ሮድሪጌዝ ሄደ። በዚያ ቀን ባለ ሰባት ኢንች ባዶ ሸክላ አልቆ ስለነበር ሮድሪጌዝ በባለ አሥር ኢንች ሊቆርጠው ተገደደ። ቦታው ሰፊ ስለሆነ የሸክላው ቦይ ተራርቆ፣ ድምፁም ጎልቶ ተቆረጠ። ሲያዳምጡት ልዩነቱ አስደነቃቸው፤ ቀጥሎም ወደ 12 ኢንች ተሸጋገሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቤዝና የትልቁ ከበሮ ዝቅተኛ ድምፅ በሸክላ ላይ ሰፊ ውዝዋዜ ያለው ቦይ ይቆርጣል። ቦታው ከጠበበ አንዱ ቦይ ወደ ሌላው እንዳይገባ ድምፁን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ቦታው ሲሰፋ ግን ድምፁ ሙሉ ኀይሉን ያገኛል።

በዚህ ታሪክ የሮድሪጌዝ ስም መነሣቱን አንባቢ ያስተውል። ሞልተን ግኝቱን የብቻው አድርጎ አልተረከውም። መሐንዲሱን በስሙ ይጠራዋል። ታሪኩን ከሞልተን አፍ የሰማ ሁሉ ሮድሪጌዝንም ያውቀዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ የክርክራችን ፍሬ እዚህ ላይ ነው።

ፈጠራ ነውን?

አንዳንድ ሰዎች «የሌላውን ሥራ መቁረጥና መቀጠል ፈጠራ አይባልም» ይላሉ። ይህ አስተያየት ፈጠራን ከባዶ ማምጣት ብቻ አድርጎ ከመረዳት የመነጨ ነው። ሆኖም ከባዶ የሚያመጣ ከያኒ የለም። ባለቅኔው ቋንቋውን አልፈጠረም፤ ሸማኔው ጥጡን አልፈተለም። ፈጠራ ያለውን ነገር ከዚህ በፊት ባልነበረው ግንኙነት ማቆም ነው። ባዶውን ከበሮ ከሙሉው ሙዚቃ ጋር ያገናኘው እጅ፣ ዝምታን ከድምፅ እኩል ያናገረው ጆሮ፣ የፈጣሪ እጅና ጆሮ ነው።

የሞልተን ዘመነኛ የነበረው ዋልተር ጊበንስ ለዚህ ሌላ ማስረጃ ነው። ጊበንስ የዳንስ ቤት ሸክላ አጫዋች ነበር። በ1976 «ቴን ፐርሰንት» የተባለውን የደብል ኤክስፖዠር ዘፈን ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ከፍ አድርጎ አረዘመው፤ ሳልሶል የተባለውም ኩባንያ ሥራውን በባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበው። ይህም በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በ1977 ደግሞ የሎሊያታ ሆሎዌይን «ሂት ኤንድ ረን» ባለብዙ መሥመሩን ክር ተቀብሎ ሠራው። ከዘፈኑ መጀመሪያ የነበረውን የግጥም ክፍል አብዛኛውን አወጣ። በምትኩ ሆሎዌይ ወደ መጨረሻው ከግጥሙ ወጥታ፣ እየጮኸችና እየተማጠነች፣ እንደ ሰባኪም እየገሠጸች በነጻነት የዘፈነችውን ክፍል አጉልቶ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚሆን ሥራ አደረገው። ያ የነጻነት ድምፅ በመጀመሪያው ቅንብር እየደበዘዘ የሚጠፋ ጅራት ነበር፤ ጊበንስ ጅራቱን ራስ አደረገው። ሆሎዌይ የሰጠችውን ነገር ከእሷ በቀር ማንም ሊሰጥ አይችልም ነበር፤ ያለ ጊበንስ ግን ያን ያህል የሚሰማው አልነበረም። ፈጠራ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ነው የሚል ነው።

ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም። ፈጠራ መሆኑ ዕዳ የሌለበት አያደርገውም። ጊበንስ የቆረጠውና የቀጠለው ድምፅ የመጣው ከፊላደልፊያ ከተማ ሙዚቀኞች ነበር፤ ከበሮውን ኤርል ያንግ፣ ቤዙን ሮኒ ቤከር፣ ጊታሩን ኖርማን ሃሪስ ይጫወቱ ነበር። ያንግ በ1973 በሃሮልድ ሜልቪንና በብሉ ኖትስ «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ ያሰማው የማያቋርጥ አራት ምትና የሚንሿሿ ጸናጽል የዲስኮ ሙዚቃ ምት አባት ተደርጎ ይቆጠራል። እንዲህ ያሉ አጃቢዎች ባብዛኛው የሚከፈላቸው በተገኙበት የቀረጻ ክፍለ ጊዜ ልክ ነበር። ሸክላው መካከል ባለው ክብ ወረቀት ላይ «የቶም ሞልተን ሚክስ» ተብሎ መታተም ሲጀምር የዳግም አቀናባሪው ስም መግዣ ምክንያት ሆነ። የከበሮ መቺው ስም ግን በዚያው ወረቀት ላይ ቦታ አልተገኘለትም።

በ1975 ሞልተን የግሎሪያ ጌይነርን ሦስት ዘፈኖች ያለ ማቋረጥ አያይዞ የአንድ አልበም ሙሉ ገጽ አደረጋቸው። ሥራው እንደ አዲስ ግኝት ተደነቀ። ሞልተን ሲተርክ ግን ጌይነር በመጀመሪያ ስትሰማው ያስተዋለችው ነገር የራሷ ድምፅ በውስጡ ማነሱን ነበር ይላል። እውነቷን ነበር። ዘፈኑ ሲረዝም የረዘመው ምቱ ነው፤ ድምፃዊቷ በራሷ ዘፈን ውስጥ እንግዳ ሆነች። ስሟ በልጣፉ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ማንም አልሰወራትም። ቢሆንም የተባለችው ነገርና የሆነችው ነገር አንድ አልነበሩም። ስምን መጥራት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የተሰወረው ድምፅ

በ1980 ሎሊያታ ሆሎዌይ «ላቭ ሴንሴሽን» የተባለውን ዘፈን ዘፈነች። ጽፎ ያዘጋጀው ዳን ሃርትማን ሲሆን፣ ሚክሱን የሠራው ቶም ሞልተን ነበር። ሃርትማን ደጋግሞ ስላዘፈናት ድምፅዋ እስኪዘጋ ደክማ እንደነበር ይነገራል። ሸክላው ሲወጣ በዳንስ ቤቶች ተወደደ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1989 ብላክ ቦክስ የተባለ የኢጣሊያኖች ቡድን «ራይድ ኦን ታይም» የሚል ዘፈን አወጣ። የዘፈኑ ልብ ከ«ላቭ ሴንሴሽን» ተቆርጦ የተወሰደው የሆሎዌይ ድምፅ ነበር። ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር ለስድስት ሳምንት አንደኛ ደረጃ ላይ ቆየ፤ በዚያ ዓመት በአገሩ ከተሸጡት ነጠላ ዘፈኖችም ሁሉ በብዛት የላቀው ሆነ። ነገር ግን በቴሌቪዥን ላይ የቆመችው ሆሎዌይ አልነበረችም። አንዲት ቀጭን ሞዴል አፏን እያንቀሳቀሰች የሆሎዌይን ድምፅ የራሷ አስመስላ ታቀርብ ነበር። ሆሎዌይ ክስ ለመመሥረት ተነሣች፤ ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ፤ ዘፈኑም በሌላ ድምፃዊት እንደገና ተቀረጸ።

ይህ ብቻውን የቆመ አጋጣሚ አልነበረም። በ1990 የሲ ኤንድ ሲ ሚውዚክ ፋክቶሪ ታዋቂ ዘፈን ሲወጣ፣ አዝማቹን የዘፈነችው ማርታ ዋሽ ሆና ሳለ በፊልሙ ላይ የታየችው ሌላ ሴት ነበረች። ዋሽም በሕግ ተከራክራ መብቷን አስከበረች። ሁለቱም ድምፃውያን ጥቁር ሴቶች፣ በዕድሜ የበሰሉና ደንዳና ሰውነት ያላቸው ነበሩ። የተተኩት ደግሞ ወጣትና ቀጭን በሆኑ ነበር። ገበያው ድምፃቸውን ፈለገ፤ አካላቸውን አልፈለገም። የአንድን ሰው ድካም ከራሱ ከሰውየው ነጥሎ የመሸጥ ነገር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ ሊታይ አይችልም።

አሁን ይህን ከሌላ ሥራ ጋር እናነጻጽረው። በ1991 ማርኪ ማርክ የተባለው ወጣት ከቡድኑ ጋር «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የተሰኘ ዘፈን አወጣ። ይህም የተመሠረተው በዚያው በ«ላቭ ሴንሴሽን» ላይ ነበር። ግን የሆሎዌይ ስም በግልጽ ተጠቀሰ፤ በፊልሙም ላይ ራሷ ቀርባ ዘፈነች። ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የተወሰደው ነገር ያው ነው፤ ምንጩ ያው ነው፤ የመቁረጡ ብልሃትም ያው ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመውሰድና ባለመውሰድ መካከል አይደለም፤ በመግለጥና በመሰወር መካከል ነው። የሥነ ምግባር መለኪያችን ከዚህ ይነሣል። ዳግም አቀናባሪን የሚያስወቅሰው የሌላውን ድምፅ መጠቀሙ አይደለም። የሚያስወቅሰው አድማጩ ወደ ድምፁ ባለቤት የሚመለስበትን መንገድ መዝጋቱ ነው።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። በኪነት ግን ነገሩ እንዲህ ቢባል ይሻላል፤ የሰው ወርቅ ያደምቃል፣ የሰው መሆኑ እስከተነገረ ድረስ።

ሕግ የሚደርስበትና የማይደርስበት

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ለፍርድ ቤት እንተወው» ይል ይሆናል። በእርግጥ ሕግ ተናግሯል። በ1991 መጨረሻ በኒውዮርክ አንድ ዳኛ ያለ ፈቃድ ከሌላው ዘፈን የተወሰደ ድምፅን በሚመለከት ክስ ላይ ሲፈርድ፣ ውሳኔውን የከፈተው ስርቆትን በሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ኩባንያዎች ፈቃድ መጠየቅን ልማድ አደረጉ።

ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው የሚያየውን ነው። በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባለ ጓድ «ኤመን ብራዘር» የሚል ሥራ ቀረጸ። በመካከሉ ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ሰባት ሰከንድ ያህል ይመታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺ የሰባት ሰከንድ ምት በአሜሪካም በእንግሊዝም በሺ በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ገባች፤ በ1990ዎቹ በእንግሊዝ አገር የበቀለ አንድ ሙሉ የዳንስ ሙዚቃ ዓይነት የቆመው በእሷ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የቅጅ ሕግ በልማዱ ዜማና ግጥምን እንጂ የከበሮ ምትን እንደ ድርሰት አይቆጥርም። ኮልማን ከዚያ ሁሉ ሥራ ድርሻ ሳያገኝ በ2006 በድህነት ሞተ። በ2015 ሥራው የጠቀማቸው ሰዎች በፈቃዳቸው አዋጥተው 24,000 ፓውንድ ያህል ለጓዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡ። ሕግ ያላስገደደውን ሕሊና ፈጸመው፤ ለከበሮ መቺው ግን ዘግይቶ ነበር።

«ኪነት የጋራ ሀብት ነው፤ ባለቤትነት የነጋዴ ቋንቋ ነው» የሚል መከራከሪያም ይሰማል። አባባሉ ውስጥ እውነት አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ትልቅ ሥራ በጋራ ይሠራል። ሆኖም ሃምሳው ሰው ሎሚውን ሲሸከም ሃምሳ መሆኑ ይቆጠራል እንጂ አንዱ ብቻ «እኔ ተሸከምሁት» አይልም። «ኪነት የጋራ ነው» የሚለው ቃል ከሰጪው አፍ ሲወጣ ልግስና ነው፤ ከወሳጁ አፍ ሲወጣ ሰበብ ነው።

«ተቀበል!»

የእኛ አገር አዝማሪ ቤት ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን ነገር አለ። እንግዳው ስንኝ ይደረድርና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፤ ያሳምረዋል፤ አንዳንዴም ጠምዝዞ ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። ይህም ዳግም ቅንብር ነው። ስርቆት የሚለው ግን የለም። ለምን? ሰጪው በዚያው ቤት ተቀምጧልና። ቃሉን ማን እንደሰጠ፣ ዜማውን ማን እንዳወጣ ሁሉም ያያል። ዕዳው በዓይን የሚታይ ስለሆነ ማንም ሊክደው አይችልም።

ሸክላና ክር ይህን የዓይን ምስክርነት አጠፉት። ሰጪው ፊላደልፊያ፣ ተቀባዩ ሚላኖ፣ አድማጩ ለንደን ሆነ። በአዝማሪ ቤት መገኘት ይሠራ የነበረውን ሥራ በተቀረጸ ድምፅ ዘመን ሊሠራ የሚችለው ስም ነው። ስለዚህ በልጣፍ ላይ የሚጻፍ ስም ማስጌጫ አይደለም፤ የጠፋውን መገኘት የሚተካ ምስክር ነው። «ተቀበል» ያለውን ሰው እንደገና በቤቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ በጋራ ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» በተባለ ዘፈን ውስጥ መሠረት ሆኖ ተሰምቷል። ሙላቱ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ያስቀረጹት ድምፅ በዓለም ወጣቶች ጆሮ ዳግም መወለዱ የሚያኮራ ነው። ኩራቱ ግን አብሮ ጥያቄ ማስከተል አለበት። በዚያ ዘመን በየሸክላው ላይ የተጫወቱት ከበሮ መቺዎችና ጡሩምባ ነፊዎች ስንቶቹ በስማቸው ይታወቃሉ? በካሴት ዘመንስ በልጣፉ ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ሰፊውን ቦታ ሲይዝ አጃቢው የት ነበር? «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ የተጻፈበትስ ሥራ ሁሉ በእውነት ምንጩ የማይታወቅ ነበርን? ወይስ ከአንድ ወረዳ፣ ከአንዲት አልቃሽ ወይም ከአንድ አዝማሪ አፍ ተወስዶ ባለቤቱን ለመጠየቅ ድካም የበዛበት?

በአገራችን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪውን በስሙ የመታወቅ መብት፣ የከዋኞችንም መብት አውቋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዋጅ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሲያምንበት ነው። በሞልተን ዘመን ባለብዙ መሥመር ክር የሚገኘው ከኩባንያው መዝገብ ቤት ስለነበር ዳግም አቀናባሪው ቢያንስ የአንድን በር ማንኳኳት ነበረበት። ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ካለቀለት ዘፈን ላይ የድምፃዊውን ድምፅ ከአጀቡ ነጥሎ ያወጣል። በሩ ሁሉ ተከፍቷል፤ የሚንኳኳ የለም። ስለዚህ የቀረው ጠባቂ ሕሊና ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለዳግም አቀናባሪ ሦስት ግዴታዎችን ማስቀመጥ እንችላለን። የመጀመሪያው ስምን አለመሰወር ነው፤ ይህ ምንም የማያስወጣ ስለሆነ ምንም ምክንያት አይቀርብበትም። ሁለተኛው ፈቃድ መጠየቅና ድርሻን ማካፈል ነው፤ ይህን ሕግ በከፊል ይረዳዋል፣ የኮልማንን ዓይነት ጉድለት ግን ሕሊና መሙላት አለበት። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። የተቀበለውን ድምፅ ትርጉም መጠበቅ ነው። ጌይነር ስሟ ተጽፎ፣ ገንዘቧም ተከፍሎ በራሷ ዘፈን ውስጥ ልታንስ ትችላለች፤ ሆሎዌይ ግን በጊበንስ እጅ ግጥሟ ተቆርጦ እንኳ ገዘፈች። ስለዚህ መለኪያው የተቆረጠው ብዛት አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ሰጪው ይበልጥ ተሰማ ወይስ ይበልጥ ራቀ? ይህን የሚመልስ ደንብ ሊጻፍ አይችልም። ዳግም አቀናባሪው ራሱ፣ ምላጩን ከማንሣቱ በፊትም ካስቀመጠ በኋላም፣ ሊጠይቀው ይገባል።

ዳግም የተቀናበረ ዘፈን የማን ነው? በውስጡ የሚሰሙት ሰዎች ሁሉ ነው። ዳግም አቀናባሪውም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ባለቤትነቱ እውነተኛ የሚሆነውም የሌሎቹን ባለቤትነት ባልካደበት መጠን ነው። ይህም ለሙዚቃ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከአባቶች ቃል የሚቀዳ ባለቅኔ፣ ከደራሲ ጽሑፍ የሚነሣ አዘጋጅ፣ ከሌሎች ጥናት ተነሥቶ የሚያስተምር መምህር፣ ሁላችንም በተቀበልነው ላይ የምንሠራ ነን። «ተቀበል» ሲባል የተቀበለ ሰው፣ ከማን እንደተቀበለ መናገር ያንሰዋልን?